ከልብ ወለድና ከተረት የተወሰደን ፍጡር የጨዋታ ዝርያ ማድረግ፦ በወሎ ለሚገኙ የጨዋታ መሪዎች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

አንድ ተጫዋች በመጽሐፍ ያነበበውን፣ በፊልም ያየውን ወይም በልጅነቱ በተረት የሰማውን ፍጡር ይዞ መጥቶ «እኔ በዚህ ነው መጫወት የምፈልገው» ሲል፣ የጨዋታ መሪው ሁለት ቀላል መልሶች አሉት፤ ሁለቱም ግን ጨዋታውን ይጎዳሉ። ሳያስብበት «ይሁን» ካለ፣ ፍጡሩ በምንጩ ያለውን ኃይል ሁሉ እንደተሸከመ ይገባና የቀሩትን ተጫዋቾች ተመልካች ያደርጋቸዋል። ሳያስብበት «አይሆንም» ካለ ደግሞ ያን ሰው ወደ ጨዋታው የሳበውን ፍቅር ከበር መልሶታል። ይህ መመሪያ በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በወልዲያም ሆነ በሌላ የወሎ ከተማ በዳይስና በወረቀት የምናባዊ ጀብዱ ጨዋታ ለሚመሩ ሰዎች፣ በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ በቅደም ተከተል ያሳያል። ቁጥሮቹ የተወሰዱት እ.ኤ.አ. በ2014 ከወጣው የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ፣ የዚህ ዓይነት ጨዋታ ከሆነው፣ አምስተኛ እትም ነው፤ በሌላ ሕግ የሚጫወት ቡድንም ቁጥሮቹን በራሱ ሕግ ቁጥሮች እየተካ ያንኑ ቅደም ተከተል መከተል ይችላል።

1. ተጫዋቹ በእርግጥ የሚፈልገውን አንድ ነገር ይለዩ

ሕግ ከመጻፍዎ በፊት ተጫዋቹን ብቻውን አነጋግረው «ይህን ፍጡር እንድትወደው ያደረገህ የትኛው ትዕይንት ነው?» ብለው ይጠይቁት። «ምን ምን ማድረግ ይችላል?» የሚለውን ጥያቄ ለጊዜው ይተዉት፤ መልሱ የኃይል ዝርዝር ይሆናል፤ ከዝርዝር ውስጥ ደግሞ ልብ የነካውን ነገር መለየት አይቻልም። ስለ ትዕይንት ከጠየቁ ግን መልሱ ብዙውን ጊዜ ከሦስቱ በአንዱ ይወድቃል፤ ወይ ስለ ፍጡሩ መልክ፣ ወይ ስለ አንድ ችሎታው፣ ወይ በታሪኩ ውስጥ ስላለው ቦታ ነው።

ፍላጎቱ የታሪክ ቦታው ከሆነ፣ ለምሳሌ ተጫዋቹ «ከወገኑ የቀረ የመጨረሻው ሰው» መሆን ከፈለገ፣ አዲስ ዝርያ አያስፈልግም፤ ማንኛውም ነባር ዝርያ ከወገኑ የቀረ የመጨረሻው ሰው ሊኖረው ይችላል። ፍላጎቱ መልክ ከሆነ ደግሞ የነባር ዝርያ ቁጥሮች ሳይነኩ አዲስ ገላ ይለብሳሉ። ቆዳው ድንጋይ የሆነ ፍጡር በድዋርፍ (አጭርና ጠንካራ ሕዝብ) ወይም በጎላያዝ (ግዙፍ ሕዝብ) ቁጥሮች፣ ራሱ የተሳቢ እንስሳ የሆነ በድራጎንቦርን (ዘንዶ መሰል ሕዝብ) ቁጥሮች፣ በዛፍ ሥር የሚኖር ትንሽ ፍጡር በኖም ቁጥሮች ያለ ችግር ይሠራል። ከሚቀርቡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ እዚህ ሊያበቁ እንደሚችሉ፣ ሊያበቁም እንደሚገባ አጥብቄ አምናለሁ። ተጫዋቹ የሚያየው ገላውን ነው፤ ከጀርባው ያለው ቁጥር ከየት እንደመጣ ከሁለተኛው ጨዋታ በኋላ ማንም አያስታውሰውም።

አዲስ ሕግ የሚያስፈልገው ፍላጎቱ ነባሮቹ ዝርያዎች የማይሰጡት አንድ ችሎታ ሲሆን ብቻ ነው። ያን ችሎታ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጽፈው ለተጫዋቹ ያንብቡለትና «ይኸው ነው» ማለቱን ያረጋግጡ፤ ከዚህ በኋላ የሚሠራው ሁሉ ለዚያ ዐረፍተ ነገር ይሆናል።

2. ጀግናውን ከወገኑ ይለዩ

በልብ ወለድ የምናውቀው አብዛኛው ፍጡር የቀረበልን በአንድ ጀግና በኩል ነው፤ ጀግና ደግሞ ከወገኑ የተለየ ስለሆነ ነው የተተረከለት። አንዱ ብቻውን ሠራዊት ስለመለሰ ወገኑ በሙሉ ሠራዊት ይመልሳል ማለት አይደለም። ስለዚህ አንድ ወረቀት በሦስት ዓምድ ይክፈሉና ምንጩ የሚነግረንን ሁሉ ያከፋፍሉ፤ በመጀመሪያው ዓምድ የሥጋ የሆነውን፣ በሁለተኛው የባህል የሆነውን፣ በሦስተኛው የአንድ ሰው ታሪክ የሆነውን። ወደ ሕግ የሚገባው የመጀመሪያው ዓምድ ብቻ ነው። ሁለተኛው ወደ ዓለሙ ገለጻ ይሄዳል፤ ሦስተኛው ደረጃ እያደገ ሲመጣ ተጫዋቹ ራሱ በድካሙ የሚያገኘው ነው።

ነባሩ ሕግ ራሱ ይህን ሳይለይ የቀረባቸው ቦታዎች አሉ። በ2014ቱ እትም ከኤልፎች (ሾጣጣ ጆሮ ካላቸው ሰው መሰል ፍጡሮች) ወገን የሆነው ከፍተኛ ኤልፍ በዝርያው ብቻ ረጅም ሰይፍና ቀስት መያዝ ያውቃል፤ ድዋርፍ ደግሞ መጥረቢያና የጦር መዶሻ። በሸማኔ ቤት አድጎ መወርወሪያ ብቻ ሲይዝ የኖረ ኤልፍ ሰይፉን ከየት ተማረው? በ2024 የተሻሻለው እትም የችሎታ ነጥብ ጭማሪን ከዝርያ አውጥቶ ገጸ ባሕርዩ ካደገበትና ከሠራው ሥራ ጋር ማያያዙ ትክክለኛ እርምጃ ነው፤ በ2014ቱ ሕግ የሚጫወቱም ቢሆን ይህን አንድ ነገር ቢወስዱ ይጠቀማሉ።

3. በምሳሌ፦ ጭራቅ

ሥራውን በአንድ ፍጡር ላይ ቀረብ ብለን እንየው። ከአያቶቻችን ተረት ጭራቅን የሚያህል ለጨዋታ የተመቸ ፍጡር ማግኘት ይከብዳል፤ ደግሞም ፈረንጅ የጻፈለት ሕግ ስለሌለ ቡድኑ የራሱ ያደርገዋል። ጭራቅ ግዙፍና ጉልበተኛ ነው፣ ሰው ይበላል፣ የተደበቀን ልጅ በማሽተት ያገኛል፣ በብልጠት ደግሞ ይታለላል። ተጫዋቹ የሚፈልገው ያን አፍንጫ ነው እንበል፤ ማንም ሊደበቀው አለመቻሉን።

በሥጋ ዓምድ ግዝፈቱ፣ መንጋጋውና አፍንጫው ይገባሉ። መታለሉ የሥጋ አይደለም፤ ተረቱ ልጁ እንዲያመልጥ የሚያስፈልገው ነገር ነው፤ ስለዚህ የጥበብም ሆነ የዕውቀት ነጥብ አይቀነስበትም። ሰው መብላቱ ደግሞ ወደ ባህልና ወደ ታሪክ ይሄዳል፤ ምክንያቱም ከተወለደ ጀምሮ ክፉ እንዲሆን የተፈረደበት ፍጡር ምንም የሚወስነው ነገር የለውም፤ ምርጫ በሌለበት ደግሞ ጨዋታ የለም። ጭራቆች ሰው መብላት የተዉበትን ምክንያት እኔ ብሆን በዕርቅ አደርገዋለሁ። በወሎ የአበጋር ሥርዓት ደም የተቃቡ ወገኖችን በሽማግሌ ፊት አቀራርቦ እንደሚያስታርቅ ሁሉ፣ በጨዋታው ዓለምም ከሁለት ትውልድ በፊት ሰዎችና ጭራቆች ደም አድርቀው ቃል ተገባብተዋል እንበል። ይህ አንድ ዐረፍተ ነገር ለገጸ ባሕርዩ የሚጠብቀው ቃል፣ ለጨዋታ መሪው ደግሞ ቃሉን የሚያፈርስ ጠላት ይሰጠዋል።

ሕጉ ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል። ጭራቅ መጠኑ መካከለኛ ነው፤ ነገር ግን ሲሸከም፣ ሲገፋና ሲያነሣ በአንድ መጠን እንደሚበልጥ ይቆጠራል፤ ይህ አሠራር ለጎላያዝ የተሰጠው ነው። በአንድ ተራ 30 ጫማ፣ ማለትም ወደ 9 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ንክሻው ባለ 6 ገጽ ዳይስ አንድ ጊዜ ተጥሎ ከጉልበት ጭማሪው ጋር የሚደመር ጉዳት ያደርሳል። በማሽተት በሚታወቅ ማንኛውም ነገር ላይ ባለ 20 ገጹን ዳይስ ሁለት ጊዜ ጥሎ ከፍተኛውን ይወስዳል። በመጨረሻም ከአንድ ረጅም ዕረፍት (የሌሊት እንቅልፍን ከሚያህል ዕረፍት) እስከ ሌላው አንድ ጊዜ፣ በ30 ጫማ ክልል ውስጥ የተደበቀ ሕያው ፍጡር መኖሩንና በየት አቅጣጫ እንዳለ ያለ ዳይስ ያውቃል። ማንነቱን ግን አያውቅም። አለማወቁ የታሰበበት ነው፤ «ከግድግዳው ጀርባ አንድ ሰው አለ» የሚለው መረጃ ቡድኑን ያነጋግራል፤ «ከግድግዳው ጀርባ ያለው ሌባው ነው» የሚለው ግን ጨዋታውን ይዘጋዋል።

4. በነባሮቹ ሚዛን ይመዝኑ

አዲሱን ዝርያ ጎበዝ ከሚባል አንድ ነባር ዝርያና ደካማ ከሚባል አንድ ነባር ዝርያ ጎን ያስቀምጡት፤ ቦታው በመካከላቸው መሆን አለበት። ዳይስን ሁለት ጊዜ ጥሎ ከፍተኛውን መውሰድ አማካዩን ከ10.5 ወደ 13.8 ገደማ ስለሚያደርሰው ከ3 በላይ የሆነ ጭማሪ እንደመስጠት ነው፤ በአንደኛ ደረጃ ያለ ገጸ ባሕርይ በሠለጠነበት ሥራ የሚያገኘው ጭማሪ 2 መሆኑን ሲያስቡ ክብደቱ ይታያል። ስለዚህ ይህን ዓይነት ዕድል በጠባብ ነገር ላይ፣ እንደ ጭራቁ አፍንጫ፣ ይስጡ እንጂ «በማስተዋል ሁሉ» ብለው አይስጡ።

ምንጩ ላይ ግዙፍ የሆነ ኃይል ካለ በደረጃ ይከፋፍሉት። ነባሩ ሕግ የሚሠራው እንዲሁ ነው፤ የቲፍሊንግ (ቀንድ ያለው ዝርያ) አስማት በአንደኛ፣ በሦስተኛና በአምስተኛ ደረጃ እየተጨመረ ይሄዳል፤ የድራጎንቦርን የትንፋሽ ጥቃትም በሁለት ዳይስ ጀምሮ በ6ኛ፣ በ11ኛና በ16ኛ ደረጃ አንድ አንድ ዳይስ ይጨምራል። ቁስሉ ወዲያው የሚድን ፍጡር ከመጣ በየተራው የሕይወት ነጥብ ከመመለስ ይልቅ፣ ሃፍ ኦርክ (ግማሽ ሰው የሆነ ጉልበተኛ ዝርያ) እንዳለው፣ ነጥቡ ዜሮ ሲደርስ በአንድ ረጅም ዕረፍት አንድ ጊዜ በ1 ነጥብ እንዲቀር ያድርጉ። ብዙ እጅ ያለው ፍጡር በትርፍ እጆቹ ይያዝ፣ ይክፈት፣ ያብራ፤ ተጨማሪ ምት ግን አይምታ።

5. ስለ መብረር ለብቻው

ከሁሉ ይልቅ የሚጠየቀው፣ ከሁሉ ይልቅም ጨዋታ የሚያበላሸው መብረር ነው። ለጠንቋይ የመብረር አስማት የሚገኘው 5ኛ ደረጃ ላይ ነው፤ ያውም ለ10 ደቂቃ፣ ሐሳብን ሰብስቦ በመያዝ። ከመጀመሪያው ቀን ያለ ገደብ የሚበር ዝርያ ጠንቋዩ አራት ደረጃ ወጥቶ የሚያገኘውን በነጻ ይወስዳል ማለት ነው።

በእኛ አገር መልክዓ ምድር ለሚዘጋጅ ጀብዱ ደግሞ ጉዳዩ ይብሳል። ዙሪያው ገደል፣ መውጫው አንድ የሆነ አምባ ለጨዋታ የተሰጠ ስጦታ ነው። በአምባሰል ያለውን አምባ ግሸንን ያስቡ፤ በመካከለኛው ዘመን የነገሥታት ልጆች ተዘግተው ይጠበቁበት ነበር። በዚያ አምሳል አምባ ሠርተው፣ የተዘጋበትን ልዑል የማውጣት ተልእኮ ሰጥተው፣ ጠባቂዎቹን፣ ብቸኛውን መንገድና የሌሊቱን ጉም አዘጋጅተው ሲቀርቡ፣ አንዱ ተጫዋች «በርሬ አወጣዋለሁ» ካለ ሌሎቹ የሚሠሩት ነገር አይኖርም።

መፍትሔው መብረርን መከልከል አይደለም፤ ክንፉን ማሳደግ ነው። በአንደኛ ደረጃ ክንፉ ያንሳፍፈው፤ ከከፍታ ሲወድቅ አይጎዳ፣ ለሚወርደው ለየ5 ጫማውም 10 ጫማ ወደፊት ይሂድ። ይህ ከገደል መውረድን ይሰጣል፤ መውጣትን ግን አይሰጥም፤ ስለዚህ የአምባው ታሪክ ይተርፋል፤ እንዲያውም ልዑሉን ይዞ የማምለጫው መንገድ በድንገት ያምራል። በ5ኛ ደረጃ ለ10 ደቂቃ፣ በአንድ ረጅም ዕረፍት አንድ ጊዜ ይብረር፤ የ2024ቱ እትም ለድራጎንቦርን የሰጠው በትክክል ይህንን ነው። ከባድ የብረት ልብስ ለብሶ እንዳይበር መከልከልም ተገቢ ነው። ከዚያ በላይ ያለው በቡድኑ ስምምነት ይወሰን።

6. ድካምን እንደ ዋጋ አይጠቀሙ

ብዙ ሰው ከልክ ያለፈ ኃይል ሰጥቶ በድካም፣ ማለትም በደካማ ጎን፣ ሊያቻችለው ይሞክራል። ድካሙ እምብዛም የማይመጣ ከሆነ ኃይሉ በነጻ ተሰጠ ማለት ነው፤ ዘወትር የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ተጫዋቹ መጫወት አይችልም። ፀሐይ ላይ ሲሆን ምቱን ማሳረፍ የሚያዳግተው ድራው (ከመሬት በታች የሚኖር ኤልፍ)፣ አብዛኛው ጉዞ በቀን በገላጣ ደጋ በሚደረግበት ዘመቻ (በተከታታይ በሚጫወቱት አንድ ታሪክ) ውስጥ፣ ለተጫዋቹ ቅጣት ብቻ ነው። ኃይሉን ራሱን መቀነስ ይሻላል።

7. በጠረጴዛው ላይ ልብ ወለድ ያልሆነውን ይለዩ

ይህ እርምጃ በውጭ መመሪያዎች እምብዛም አይገኝም፤ ለወሎ ግን ከቁጥሩ ሁሉ ይበልጥብኛል። እዚህ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሙስሊምና ክርስቲያን አብረው ይቀመጣሉ፤ የሕግ መጽሐፎቹም በሌላ አገር፣ ለሌላ አንባቢ ተጽፈዋል። በመጽሐፎቹ ከጂኒ የተወለደ፣ ከሰይጣን ደም ያለበት፣ መልአክ ቅድመ አያቱ የሆነ ዝርያ አለ። ለሙስሊም ተጫዋች ግን ጂን የደራሲ ፈጠራ አይደለም፤ ቁርኣን ውስጥ በስሙ የተሰየመ ምዕራፍ አለ። መላእክትም ለሁለቱም ወገን የእምነት ጉዳይ ናቸው። አንዳንዱ ተጫዋች ይህን በጨዋታ ማየት ምንም አይመስለው ይሆናል፤ ሌላው ግን ያዝናል፣ ለጓደኞቹ ሲል ዝም ይላል፤ በመጨረሻም መምጣት ያቆማል። ስለዚህ ዘመቻው ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱን ለየብቻ ይጠይቁ፤ አንድ ሰው እንኳ ካልተመቸው የዝርያውን ምንጭ ይቀይሩ። ከጂኒ የተወለደው የነፋስ ሰው «ከነፋስ ሸንተረር የመጣ ሕዝብ» ቢባል አንድም ቁጥር አይለወጥም።

ሁለተኛው ጉዳይ ቡዳ ነው። ሌሊት ጅብ የሚሆን፣ በዓይኑ የሚጎዳ ፍጡር ለጨዋታ ዝርያ የተዘጋጀ ይመስላል፤ ነገር ግን በፍጹም አይውሰዱት። በዚህ ስም ብረት ቀጥቃጮች፣ ሸክላ ሠሪዎችና ሌሎች ባለ እጆች ለዘመናት ተገልለዋል፤ ከእነርሱ ጋር አብሮ መብላትና መጋባት ነውር ተደርጎ ኖሯል። ያ ስም በጨዋታ ሕግ ውስጥ «ሥልጠና፦ ብረት ሥራ፤ ችሎታ፦ ጅብ መሆን» ተብሎ ሲጻፍ፣ ሐሰቱ እንደ እውነት በቁጥር ተመዘገበ ማለት ነው። ጅብ መሆን የሚፈልግ ተጫዋች ካለ የጅብ ሕዝብ ይፍጠሩለት፤ ከማንም ሰው ሥራና ትውልድ ጋር ግን አያገናኙት።

8. የሚኖሩበትን ቦታ ይስጧቸው

ዝርያው ከየት መጣ፣ ማን ያውቀዋል፣ ምን ሊሸጥ ምን ሊገዛ ይመጣል የሚሉት ሦስት ጥያቄዎች ከአሥር ገጽ ታሪክ ይበልጣሉ። ለዚህ ከባቲ የሰኞ ገበያ የተሻለ አርአያ አላውቅም። የደጋው ሰው በእህሉ፣ የቆላው ሰው በግመሉና በከብቱ የሚገናኝበት፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ በአንድ መደዳ የሚሰማበት ገበያ ነው። የተለያዩ ዝርያዎች ለምን በአንድ ከተማ እንደሚገናኙ ማስረዳት ሲያስፈልግዎ እንዲህ ያለ ገበያ ያቁሙ፤ እያንዳንዱ ዝርያ ሌላው የሌለውን አንድ ነገር ይዞ ይምጣ። ጭራቆቹ በአፍንጫቸው የጠፋ ከብት ፈላጊዎች ቢሆኑ ከገበያው ጋር በአንድ ጊዜ ይዛመዳሉ፤ የሚፈሩም የሚፈለጉም ይሆናሉ።

ፍርሃቱን በቁጥር ቅጣት ከመጻፍ ይልቅ በሥርዓት ይግለጹት። ለምሳሌ ጭራቅ ወደ ገበያው ለመግባት ዋስ ያስፈልገዋል ይበሉ። ከቡድኑ አንዱ ዋስ ሲሆን ሁለት ገጸ ባሕርያት በአንድ ቃል ይታሰራሉ፤ ዋሱም ጭራቁ ያደረገውን ሁሉ ይጠየቅበታል። ይህ ግን በየጨዋታው ከተደጋገመ ስለሚያሰለች፣ የሚታወቅባት ከተማ ስትበዛ ፍርሃቱ እየቀነሰ ይሂድ።

9. ስሙን በሚመለከት

በቤት ውስጥ ለጓደኞች የሚጫወቱ ከሆነ ምንጩ ላይ ያለውን ስም ቢጠቀሙ የሚያስጨንቅ ነገር የለም። አዘጋጅተው ለማሳተም ወይም ለመሸጥ ሲያስቡ ግን ይለያል። ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1974 ሲወጣ «ሆቢት» የሚለውን ስም ከሌላ ደራሲ ወስዶ ነበር፤ የመብቱ ባለቤቶች ተቃውሞ ሲያቀርቡ በ1970ዎቹ መጨረሻ «ሃፍሊንግ» ተብሎ ተቀየረ። ትንሹ፣ ዕድለኛው ሕዝብ ቀረ፤ ስሙ ሄደ። በአገራችንም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሐሳብን ሳይሆን ሐሳቡ የተገለጸበትን ሥራ ይጠብቃል። ስለዚህ ስሙን፣ ሥዕሉንና የደራሲውን ቃላት ይተዉ፤ ችሎታውን በራስዎ ቃላት ይጻፉ። የአምስተኛው እትም መሠረታዊ ሕግ ከጥር 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ምንጭን በመጥቀስ ብቻ በነጻ ለመጠቀም በሚያስችል ፈቃድ ተለቋል። ከተረት የተወሰደው ጭራቅ ደግሞ የማንም ብቻ አይደለም።

10. ይሞክሩት፣ ከዚያም ያስተካክሉት

ዝርያው ከአንድ ገጽ መብለጥ የለበትም። ወደ ዘመቻው ከመግባቱ በፊት አንድ ውጊያ፣ አንድ ድርድርና አንድ ጉዞ ባለበት አጭር ጨዋታ ይሞከር። በሙከራው ጊዜ ዓይንዎን ከተጫዋቹ አንሥተው በሌሎቹ ላይ ያድርጉ፤ አዲሱ ችሎታ ሥራ ላይ ሲውል ጎንበስ ብለው ስልካቸውን የሚያዩ ከሆነ ችሎታው የእነርሱን ድርሻ እየወሰደ ነው። ችሎታው አንድ ጊዜ እንኳ ጥቅም ላይ ካልዋለ ደግሞ ወይ ጀብዱው አልጠራውም፣ ወይ ሕጉ ከመጠን በላይ ጠቧል።

ሲያስተካክሉ ኃይሉ ከበዛ መጀመሪያ የሚሠራበትን ብዛት ይቀንሱ እንጂ የሚሠራውን ነገር አይለውጡ፤ ተጫዋቹ የወደደው እርሱን ነውና። ካነሰ አንድ ቋንቋ ወይም አንድ ሥልጠና ይጨምሩ። ማስተካከያው ሁልጊዜ በሁለት ጨዋታዎች መካከል፣ ተጫዋቹ ተስማምቶ ይሁን፤ በውጊያ መካከል ሕግ አይቀየርም። ሌላ ተጫዋች በኋላ ያንኑ ዝርያ ከመረጠ የሥጋውን ዓምድ ብቻ ይስጡት፤ የባህሉን ዓምድ የመጀመሪያው ተጫዋች እስካሁን ከሠራው ጋር አስተያይተው ሁለቱ አብረው ይሙሉት።